የተገለበጠው ቀስት

ድንጋዩን ከይማም ላይ ለማንሳት ስድስት ሰው ፈጀ። መርማሪው ደመላሽ ከመቀሌ በስተሰሜን ወደሚሠራው መጋዘን ሲደርስ ሬሳው በጋቢ ተሸፍኖ፣ ገዳይ የተባለውም ተይዞ ጠበቀው። እሱም የሟቹ ሚስት ወንድም ኢስሃቅ ነበር። ባለፈው ሳምንት በሥራ ተራ ከይማም ጋር ተጣልቷል። ደመላሽ ብዙ ሳይጠይቅ አሰረው፤ በኋላ ይህን ባሰበ ቁጥር ያፍር ነበር።

ጣሊያን ከወጣ አምስተኛው ዓመት ነው። ጥርቡ ድንጋይ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ በር መጎተት ነበረበት። የጭነት ማኪናዋ ከመንገዱ ሆና ወደ ቀኝ አግድም ትስባለች፤ ኢስሃቅና አራት የወሎ ልጆች ደግሞ ሁለተኛውን ገመድ ይይዛሉ። የሁለተኛውን ገመድ አቅጣጫ በወረቀት አስልቶ ካስማ የሚተክለው ባለሙያው ከፋለ ነው፤ ጎታቾቹ ወደ ካስማው መጎተት ብቻ ነው ሥራቸው። ካስማው በግራ ተተክሎ ተገኘ። እነኢስሃቅ ግን ወደ ቀኝ ጎትተው ድንጋዩን በቀኝ በኩል ቆሞ በነበረው በይማም ላይ አምጥተውታል። ካስማው በቀኝ ነበር ብለው አምስቱም ማሉ። ደመላሽ የአንድ አገር ልጆች ስለሆኑ ተማክረው ነው ብሎ አላመናቸውም። የሟቹ ሚስት ኡሙሀኒ እንኳ ለታሰረው ወንድሟ ስንቅ አልላከችም።

በሦስተኛው ቀን ደመላሽ ተመልሶ ካስማውን ነቀለው። የቆመበት አፈር ጥቁር ነው። እንጨቱን ግን ጥቁሩ የነካው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ እስከ ስንዝር ድረስ ነጭ አፈር ደርቆበታል። ነጭ አፈር ያለው በቀኝ በኩል ነው። የታሰረውን ኢስሃቅንና ኡሙሀኒን ጨምሮ ሁሉንም እዚያው አስጠራቸው።

«እስቲ ያስተምሩኝ፤ ሁለተኛው ገመድ ወዴት እንደሚሆን በምን ይታወቃል?» አለው ከፋለን።

ከፋለ ደስ አለው። በከተማው ይህን የሚያውቅ እሱ ብቻ መሆኑን ማሳየት ይወዳል። በዱላ መሬቱ ላይ ከአንድ ነጥብ የሚነሱ ሁለት ቀስቶች ሳለ፤ አንዱ ወደ በሩ፣ ሌላው ወደ ማኪናዋ።

«ፈረንጆች ቬክተር ይሉታል። ከምንፈልገው ላይ የማኪናዋን እንቀንሳለን። ከማኪናዋ ቀስት ጫፍ ተነስተው እስከምንፈልገው ቀስት ጫፍ ያስምሩ። ያ ነው ሁለተኛው ገመድ።»

ደመላሽ አሰመረ። ወደ ግራ ሆነ።

«ከምንፈልገው ጫፍ ተነስቼ ወደ ማኪናዋ ባሰምርስ?»

«መስመሩ ያው ነው፤ ቀስቱ ግን ይገለበጣል። ወደ ቀኝ…» አለና የተነቀለውን ካስማ አየ።

ደመላሽ ቀደም ብሎ ያስመጣውን የከፋለን የሥራ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ወደ ፀሐይ ያዘው። በመስመሩ ግራ ጫፍ አዲስ የቀስት ራስ አለ፤ በቀኙ ጫፍ ወረቀቱ በምላጭ ተፍቆ ሳስቷል።

«ገልብጠው ሳሉ፣ ካስማውንም በቀኝ ተከሉ። ሁለቱም ገመድ ወደ ቀኝ ሳበ። ሰው ሁሉ ወደ ሬሳው ሲሮጥ እርስዎ ወደ ካስማው ሄዱ።»

ከፋለ አንገቱን ደፋ። «ሁለቱም ወደ ቀኝ ነው ወይ ብሎ ኢስሃቅ ጠይቆኝ ነበር። አንተ ተምረሃል ወይ አልኩት። ጀማሪ የሚሳሳተውን ተሳሳትኩ ማለት አሳፈረኝ።»

ደመላሽ የኢስሃቅን እጅ ሲፈታ ዓይኑን ማየት አቃተው። ኡሙሀኒ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«የባሌን ሞት ስህተት ነው እላለሁ» አለችው ከፋለን። «ወንድሜ ሲታሰር ግን ያውቁ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እህል ነፈግኩት።»

እሷም ወደ ወንድሟ ቀና ማለት አልቻለችም። ቀርቦ ክንዷን የያዛት ኢስሃቅ ራሱ ነው።

«እኔ እኮ ገና ለቅሶ አልደረስኩም» አላት። «ቤት እንሂድ።»