ወደ ቦንጋ ሦስት ሰው

ይህ ታሪክ ውሸት ቢሆን ከማንም በፊት ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ።

ግን ሆኗል... በገዛ መኪናዬ ውስጥ፣ ዓይኔ እያየ። የሚጠራጠር ካለ አየር ጤና ያለውን መካኒኬን ኢብራርን ይጠይቅ። ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። የዚያን ቀን ነገር ሲነሳበት ግን ወሬ ይለውጣል።

ደግሞ በጨለማ አይደለም የተጀመረው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። የጋራዡ ቆርቆሮ በፀሐይ እየተንጣጣ፣ ውጭ ረዳቶች "ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!" እያሉ እየጮኹ።

ከሥሩ ልጀምር።

ክርስቲያን እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ቀራንዮ ነው። ከሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሄደች አሮጌ ሃይብሪድ መኪና አለችኝ። ለማያውቅ ሰው፣ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ ማለት ናት። ቀስ ብላ ስትሄድ ሞተሯ ይጠፋል፤ ድምፅ የላትም። ትልቁ ባትሪ ከኋላ ወንበር ጀርባ ነው ያለው። እንዳይግል አንዲት ማራገቢያ ታቀዘቅዘዋለች። ማራገቢያዋ አየር የምትስበው ደግሞ ከኋላ ወንበር በስተቀኝ ካለች ወንፊት ከመሰለች ቀዳዳ ነው።

ይህቺን ቀዳዳ ያዙልኝ።

ሚሊዮን ጎረቤቴም የልጅነት ጓደኛዬም ነው። ፊት ወንበር ባዶ እያለ ሁልጊዜ ከኋላ በቀኝ በኩል ይቀመጣል። እግሩን ያነባብርና፣

"ንዳ፣ ሹፌሬ!" ይለኛል።

ጃኬቱን ደግሞ ቀዳዳዋ ላይ ይጥለዋል። "አንሳው አንተ! ባትሪው ይግላል!" ስለው ይስቃል።

"እኔ ሲሞቀኝ ዝም፣ ባትሪው ሲሞቀው ጩኸት!"

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቦንጋ አጎቱ ጋ ሆኖ ማር ይነግድ ነበር።

ይነግድ ነበር...

የዚያን ቀን ጠዋት አጎቱ ጋሽ ፈቀደ ደወሉልኝ።

"ክርስቲያን... ብቻህን ነህ?"

እንዲህ ብሎ የሚጀምር ስልክ ምን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ሚሊዮን ሞተር ሳይክል ተገልብጦበት ሞቷል። ቀብሩን እናቱ እስኪደርሱ አቆይተውታል። እናቱ እትዬ አልማዜ ኮልፌ ሱቃቸው ውስጥ ኮረሪማ እየመዘኑ ነበር በዚያ ሰዓት።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው አገሩ ይደርሳል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ማለዳ ይነገረዋል። እስከዚያ ይዋሻል። ሁሉም ይዋሻል። ብዙ ጊዜ "ትንሽ አሞታል" ነው የሚባለው።

"አሞታል ብንላት መንገድ ላይ ደም ግፊቷ ይነሳል" አሉኝ ጋሽ ፈቀደ። "እንዴት አድርገን እናምጣት?"

እኔ ነኝ ያሰብኩት። ማንም አላስገደደኝም።

"ሚሊዮን ሚስት ሊያገባ ነው እንበላቸው። ሽማግሌ ሊልክ ነውና እናቴ ትምጣልኝ ብሏል... ደስ ብሏቸው ይመጣሉ።"

ጋሽ ፈቀደ፣

"የተማረ ሰው እንዲህ ነው" አሉኝ።

ያቺ ምስጋና እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ አለች።

ሱቃቸው ሄጄ ነገርኳቸው። እትዬ አልማዜ ሚዛኑን ጣሉት። እልልታቸው መንገዱን ሞላው። እትዬ ሰርኬ፣ የእድራችን ሴት፣ መርዶውን ሰምተው ከኋላዬ ደርሰው ነበር።

አብረዋቸው እልል አሉ።

ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር... እንባ ሞልቶታል።

ስወጣ ተከተሉኝና አንድ ፌስታል በእጄ አስጨበጡኝ።

"ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ሻሽ ነው" አሉኝ በሹክሹክታ። "ደብቅ። እንዳታየው። ቦንጋ ስትደርሱ ታለብሳታለህ።"

"እናንተስ?"

"እኛ በሚኒባስ ከኋላ እንደርሳለን። ብዙ ሆነን ከተነሳን ትጠረጥራለች።"

ፌስታሉን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ ከትርፍ ጎማው ሥር ከተትኩት። ምንጣፉን አለበስኩበት። በቀጥታ ወደ ኢብራር ነዳሁ።

"ቦንጋ? በዚህች?" አለ ኢብራር ኮፈኑን እየከፈተ። "እቺ እኮ ጡረታ ልትወጣ ነው፣ ብሮ።"

"ነገ በጠዋት መነሳት አለብኝ።"

"ምን አስቸኮለህ? ሠርግ ነው?"

"...አዎ። ሽምግልና።"

ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለኝ።

ኢብራር ዘይት ቀየረ። የፍሬን ሸራ ቀየረ። የራዲያተር ውሃ ሞላ፣ ትንሿን ባትሪ ለካ። ከዚያ ወንበሩን ነቅሎ የትልቁን ባትሪ ማራገቢያ አወጣ። አቧራውና የጨርቅ ብናኙ እንደ ጥጥ ተጠቅጥቆበት ነበር።

"በዚህ ሁኔታ ጊቤ በረሃ ብትገባ እዚያው ነበር የምትቀረው" አለኝ። "ንፋስ ካጣ ያብዳል።"

አጸዳው። መለሰው። ወንበሩን ገጠመ። አስነሳት።

መጀመሪያ ጸጥ አለች።

ከዚያ ማራገቢያዋ ጮኸች...

ወወወወወ...

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"ገና ሳንነዳት? ልትግል አትችልም እኮ።" ኢብራር የኋላውን በር ከፍቶ እጁን ወደ ቀዳዳዋ ሰደደ።

ወዲያው እጁን ሰበሰበ።

"ምን ሆንክ?"

"ምንም።" መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። "...የሆነ ነገር ዘግቶታል መሰለኝ። ጨርቅ ነገር።"

አየሁ። ጨርቅ የለም። ወንበሩ ባዶ ነው።

ማራገቢያዋ ዝም አለች።

ኢብራር ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መኪናዋን ተመለከታት። ራሱን ዘንበል አደረገ።

"ክርስቲያን፣ ከኋላ ምን ጭነሃል?"

"ምንም።"

"ታዲያ ለምን በቀኝ በኩል ተኛች?"

እውነቱን ነው። በቀኝ በኩል ከኋላ ዝቅ ብላለች። ጎማዎቹን በየተራ ለካቸው። ነፋሳቸው እኩል ነው። ስፕሪንጉን አየ። ደህና ነው።

"ሰው የተቀመጠባት ነው የምትመስለው" አለና ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም።

ልክ በዚያ ሰዓት፣ ኢብራር ጋ እንደምሆን ነግሬያቸው ነበርና፣ እትዬ አልማዜ ከታክሲ ወርደው እየተጣደፉ መጡ። አዲስ ነጭ ቀሚስ ገዝተዋል። ከያዙት ፌስታል አውጥተው ትከሻቸው ላይ ዘረጉት።

"እንዴት ነው? ለሙሽራው እናት አይበዛም?"

"ያምርብዎታል፣ እትዬ።"

"አንተ ደግሞ ምነው ጠቆርክ? ጓደኛህ ቀደመህ ብለህ ቀናህ እንዴ?" በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። "አሁን ደውሎልኝ ነበር እኮ።"

"...ማን?"

"ማን ይሆናል? ሚሊዮን ነዋ!"



"ምን አለዎት?"

"አይሰማም። ነፋስ ነው መሰለኝ፣ ወወወ ይላል። 'እማ፣ ሞቆኛል' ብቻ አለኝ።" ሳቁ። "ቦንጋ ደግሞ ምን ሙቀት አለና? የፍቅር ይሆናል!"

ኢብራርም ሳቀ። እኔ ወደ ጓሮ ሄጄ ጋሽ ፈቀደ ጋ ደወልኩ።

"የሚሊዮን ስልክ የት ነው ያለው?"

"እኔ ኪስ ውስጥ ነዋ። ለሁለት ተሰብሯል። ምነው?"

"ምንም... ምንም።"

ስመለስ እትዬ አልማዜ ብቻቸውን መኪናዋ አጠገብ ቆመው የኋላውን መስታወት ያያሉ። ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም።

"ክርስቲያን።"

"አቤት፣ እትዬ።"

"ልጄ ደህና ነው አይደል?"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሌላ ሰው አልነበረም። ኢብራር እጁን ሊታጠብ ሄዷል። አፌን ከፈትኩ... ነጩን ቀሚስ አየሁት።

"ደህና ነው።"

"ማልልኝ።"

"እትዬ..."

"ማልልኝ አልኩህ።"

"መድኃኔዓለምን፣ ደህና ነው።"

አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

"እሺ" አሉ ቀስ ብለው። "አንተ ካልክ እሺ።"

ወደ ቤት ያደረስኳቸው ፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ ነው። ከወረዱ በኋላ ወደ ቤቴ በሚወስደው ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብዬ ስገባ ሞተሯ ጠፋ፤ በባትሪ ብቻ መንሸራተት ጀመረች። ጸጥታው ውስጥ ከኋላዬ የወንበር ቆዳ ሲንቋቋ ሰማሁ።

ሰው ሲመቻች እንደሚያደርገው።

ፍሬን ያዝኩ። ዳሽቦርዱ ላይ የክፍት በር ምልክት በርቷል። የትኛውም በር አልተከፈተም።

"...ሚሊዮን?"

ምልክቱ ጠፋ።

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሊነጋጋ ሲል ወሰንኩ። ወደ ራሳቸው ልጅ ቀብር ነጭ አስለብሼ አልወስዳቸውም። መንገድ ላይ ቢወድቁም፣ ቢረግሙኝም፣ ከመነሳታችን በፊት እነግራቸዋለሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በራቸው ላይ ደረስኩ። ብርሃኑ ወገግ ብሏል። ከመድኃኔዓለም በኩል ቅዳሴው ይሰማል። በቅድሚያ ጥቁሩን ልብስ ላውጣ ብዬ ምንጣፉን ገለጥኩ።

ፌስታሉ አለ። ከትርፍ ጎማው ሥር፣ እንዳስቀመጥኩት።

ባዶ ነው።

የመኪናዋ ቁልፍ ከኪሴ አልወጣም። ማንም አልከፈታትም።

የግቢው በር ተከፈተ። እትዬ አልማዜ ወጡ። ነጩን ቀሚስ ለብሰዋል። ወርቃቸውን አድርገዋል። በአንድ እጃቸው ድፎ ዳቦ ይዘዋል፣ በክንዳቸው ላይ ጋቢ አለ።

ከነጩ ቀሚስ ጫፍ ሥር ግን ሁለት ጣት ያህል ጥቁር ጨርቅ ይታያል።

"እትዬ አልማዜ... የምነግርዎት ነገር..."

ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ቀረቡኝ። ትንፋሻቸው ጆሮዬን ነካው።

"ቀስ በል... ይሰማሃል።"

"...ማን?"

ወደ መኪናዋ አላዩም። እኔን ብቻ ነው የሚያዩት። ዓይናቸው አብጧል፣ ደርቋል። ያላቸውን እንባ ሁሉ የጨረሰ ሰው ዓይን ነው።

"ሌሊት መጣ። ልብሱን ያመጣልኝ እሱ ነው። 'መኪናው ውስጥ አገኘሁት፣ የማን ነው፣ እማ?' አለኝ።"

"እትዬ... ይቅር..."

"ዝም በል። ጥቁሩን ሳይ እኔ ተረዳሁ። እሱ አልተረዳም። እስካሁን ማንም አልነገረውም።"



"ታዲያ... ምን አሉት?"

"አንተ ያልከኝን።" እጄን ያዙኝ። እጃቸው በረዶ ነው። "ለሽምግልናህ ነው የምንሄደው አልኩት። ደስ ብሎታል።"

ወደ መኪናዋ ልዞር ስል እጄን ጠበቅ አደረጉት።

"ቦንጋ እንደርሳለን። ዘመድ ይሰበሰባል። ማለዳ ይነገረዋል፣ እንደ ወጉ። እስከዚያ እንዳታለቅስ። እንዳታስነቃብኝ፣ ልጄ።"

ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ሳቁም።

"በል እንግዲህ! ሙሽራው እስኪኮበልልብን ነው የምንጠብቀው?"

ፊት ወንበር አልገቡም። ከኋላ፣ በግራ በኩል ገቡ። ቀኙን ተዉት።

መሪውን ያዝኩ። መኪናዋ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰች። ማራገቢያዋ ጮኸች... ወወወወ...

ውሸቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። አሁን እሳቸው ነበሩ የሚሸከሙት፤ ልጅቷ ቆንጆ እንደሆነች፣ ሽማግሌዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ወደ ባዶው ወንበር ዞረው እየሳቁ ያወራሉ። በየመሀሉ ዝም ይላሉ፤ መልስ እንደሚሰማ ሰው።

አየር ጤናን ስናልፍ የኢብራር ጋራዥ በር ላይ ኢብራር ቆሞ ነበር። ሊሰናበተኝ እጁን አነሳ። ወደ ኋላ መስታወቱ አየ።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

"ሞቆኛል ትላለህ፣ ጠዋት ግን ይበርዳል" አሉ እትዬ አልማዜ። ጋቢውን አነሱና ወደ ቀኝ ወንበሩ ዘረጉት።

በስፖኪዮው አየሁ።

ጋቢው ወንበሩ ላይ አላረፈም። አየር ላይ ቆመ። እግሩን አነባብሮ በተቀመጠ ሰው ጉልበት ላይ እንደተጣለ፣ ከላይ ሾጠጥ ብሎ በሁለቱም ጎን ወረደ።

እትዬ አልማዜ በስፖኪዮው ውስጥ አዩኝ።

"ንዳ" አሉኝ።

ነዳሁ።

ጋቢው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ... ከሥር ያለው እግሩን ቀየረ።