የሀጂ ዘይኑዲን ማበጠሪያ

ሀጂ ዘይኑዲን አርብ ጠዋት ጎጃም በረንዳ ካለው የብርድ ልብስ መጋዘናቸው ውስጥ፣ ደረጃው ሥር ወድቀው ተገኙ። ነፍሳቸው ከወጣች አድራለች። አንሸራትቷቸው ነው እንዳይባል በሩ በውጭ በጓጉንቸር ተቆልፏል። አንደኛው ቁልፍ ከሟቹ ኪስ ተገኘ፤ ሌላው ያለው ከሠራተኛቸው ከሀምዲያ ዘንድ ነበር። ምን ይጠየቃል? ሀምዲያን ጣቢያ ወሰዷት፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ትቀርባለች ተባለ።

ኢንስፔክተር አስናቀች ለጡረታ አራት ወር የቀራት፣ ጉልበቷ ደረጃ ገና ሲያይ የሚያቃስት ሴት ናት። መጀመሪያ ሀምዲያን አነጋገረቻት።

«እትዬ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለች ሀምዲያ እያለቀሰች። «ደንበኛ በኮምፒዩተር ሲያዝ ገጹ ሁሉ አንድ እየሆነብኝ ስቸገር፣ ‹ቆይ፣ እንደ ጥቅሎቹ ምልክት አስደርግልሻለሁ› አሉኝ። ሳላያት ሞቱ እኮ!»

አስናቀች መጋዘኑ ገባች። ተሸካሚው ሳያነብ እንዲለየው በየጥቅሉ ላይ ቀይ ማበጠሪያ ተስሏል፤ የሀጂ አባት የጀመሩት ምልክት ነው። እንደ ልማዷ ጥርሱን ቆጠረች። ስምንት።

ሰባተኛ ሰፈር ሱቅ ያለው የሟቹ ታናሽ ወንድም ጀማለዲን በሩ ላይ ቆሟል።

«መጨረሻ የመጡት መቼ ነው?»

«ሳምንት አልፎኛል። ተኳርፈናል። የአባታችንን ማበጠሪያ ጥርስ አርግፎ ኮምፒዩተር ላይ መለጠፍ ምን ይሉታል? ሰው ሲጃጅ እንዲህ ነው!»

አስናቀች ጻፈችው። ለምን እንደጻፈችው ግን ያኔ አላወቀችም፤ እንቅልፍ ካየች ሁለት ቀኗ ነው።

ቀጥሎ የሀጂን ድረ ገጽ የሚሠራው ወጣት ይገረም መጣ።

«ምልክቷ ለምን አስፈለገች፣ ልጄ?»

«አሥር ገጽ ሲከፈት ስሙ ከላይ ይቆራረጣል፣ እትዬ። ምልክት የሌለው ግራጫ ክብ ብቻ ነው የሚታየው። ደግሞ አንድ ሌባ በሀጂ ስም ተመሳሳይ ገጽ ከፍቶ ስስ ብርድ ልብስ ይሸጣል፤ ስድቡ ለእኛ ነው። ሀጂ ‹ማበጠሪያ የሌለበት የእኔ አይደለም በሉ› ሊሉ ነበር።»

«እንዴት ነው የምትገባው?»

«ቀላል ነው። ሥዕሏን እኩል በእኩል አራት ማዕዘን አድርጌ አሳነስኳት። ፋቪኮን፣ የገጽ መለያ ምልክት ማለት ነው፣ ብዬ ሰይሜ ከድረ ገጹ ፋይሎች ጋር አስቀመጥኩ፤ ከዚያ በኮዱ ራስጌ አንድ መስመር ጨመርኩ። ብቻ ስምንት ጥርስ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ቀይ እድፍ ሆነብኝ። በሦስት አስቀረኋት።»

አስናቀች ብዕሯን አስቀመጠች። «መቼ?»

«ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ። ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር አልተጫነችም። እዚህ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ናት፤ ከእኔና ከሀጂ በቀር ያያት የለም።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስቱንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ሀምዲያ በፖሊስ ታጅባ መጣች። አስናቀች አንድ ጥቅል ላይ ተቀመጠች፤ መቆም አቅቷታል።

«በሩ ለምን ሀምዲያን ያሲዛል?» አለች። ጓጉንቸሩን አንስታ ተጫነችው። ጠቅ አለ። «ቁልፍ የሚፈልገው ለመክፈት ነው። ሀጂ ከፍተው ከበሩ ላይ ያንጠለጥሉት ነበር። የሚወጣ ሰው ሁሉ ሊዘጋው ይችላል።»

ከዚያ ስልኳን አውጥታ፣ ከሐሰተኛው ድረ ገጽ ላይ የገለበጠችውን ቁጥር ደወለች። የጀማለዲን ኪስ ጮኸ።

«ንግድ ነው!» አለ ጀማለዲን። «መግደል አይደለም!»

«ልክ ነው፤ ንግድ ብቻውን ነፍሰ ገዳይ አያደርግም። ግን ጋሼ ጀማለዲን፣ የማበጠሪያዋ ጥርስ መርገፉን ከየት አወቁ? በጥቅሎቹ ላይ ያለችው ስምንት ናት፤ ይቁጠሯት። ጥርሷ የረገፈው ሐሙስ ስምንት ሰዓት፣ እዚህ ፎቅ ላይ ባለ አንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ያየ ሰው ከዚያ ወዲህ እዚህ ገብቷል።»

ጀማለዲን ቀና ብሎ ደረጃውን አየ።

«‹ነገ ገጽህን የሚከፍት አይኖርም› ብሎ ምልክቷን በኩራት አሳየኝ። ልወጣ ስል ደረጃው አናት ላይ ክንዴን ያዘኝ፤ አራገፍኩት። አራገፍኩት ብቻ!»

«ጮኸው ሰው ቢጠሩ ኖሮ እሱን አምንዎት ነበር» አለች አስናቀች በድካም። «እርስዎ ግን በሩን ቆልፈው፣ ይህችን ምስኪን አስያዙ።»

ጀማለዲንን ወሰዱት። ኔትወርኩ ተመልሶ ነበርና ይገረም ምልክቷን ጫናት። አስናቀች ሀምዲያን እጇን ይዛ ወደ ፎቅ ወጣች፤ የማን ጉልበት የማንን እንደደገፈ አይታወቅም። ከኮምፒዩተሩ ስክሪን አናት ላይ ግራጫ ክቦች ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው አንዲት ቀይ።

ሀምዲያ ሳትጠየቅ ጣቷን አሳረፈችባት።

«ይቺ የእኛ ናት» አለች። ቀጥላም በለሆሳስ፣ «አየኋት፣ ሀጂ።»