የሦስተኛው አልጋ ስህተት

ጡረተኛው መምህር በኩላሊት እጥበት ክፍል፣ ሦስተኛው አልጋ ላይ፣ የሳንባ ቫይረስ ይዟቸው ከሞቱ አሥራ ሁለት ቀን ሆኗል። ከማን እንደተጋባባቸው እንድታጣራ የተጠራችው መርማሪ በባልደረቦቿ ዘንድ «ወንፊቷ» ትባላለች፤ ገለባ አታሳልፍም። ይህን ጊዜ ግን አሳልፋለች። ከሳምንት በፊት የላብራቶሪውን ውጤት አይታ «ከጽዳት ሠራተኛው ነው» ብላ ፈረመች፤ አዛውንቱም በዚያው ቀን ከሥራ ታገዱ። ነገሩ ሲከነክናት ትናንት ቤታቸው ድረስ ሄደች።

«አባባ፣ መምህሩ አጠገብ ቆመው ያውቃሉ?»

«ኧረ የት! እኔ የምገባው በሽተኞቹ ሲወጡ ነው፤ ወለሉና እኔ ብቻ ነን። ግን ማሽኑ አንተ ነህ ካለ ነኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ?»

ያ «ምን አውቃለሁ» አንጀቷን በላው። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ሄደች።

«መምህሩ ጆሯቸው አይሰማም ነበር» አላት። «የሰው ከንፈር እያዩ ነው የሚግባቡት። እኔ እንኳ በወረቀት እየጻፍኩ ነበር የማዋራቸው።»

«ማስክ ያወረደላቸው ሰው ይኖራል?»

«እዚህ ክፍል ክልክል ነው» አለ ዶክተሩ። መርማሪዋ በቀጥታ ወደ ላብራቶሪው ተመለሰች።

ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ሰበሰበቻቸው፦ የሟችን ልጅ፣ ዶክተሩን፣ ዋና ነርሷንና አባባን። መምህሩ እንደሞቱ የአራቱም የአፍንጫ ናሙና በጥጥ ተወስዶ በየስማቸው ብልቃጥ ተቀምጦ ነበር። አባባ እንግዳ ይመስል በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«ቫይረስ ሲራባ ራሱን ይገለብጣል» አለች መርማሪዋ። «ሲገለብጥ አልፎ አልፎ ፊደል ይስታል፤ ስህተቱም ለሚቀጥለው ሰው ይተላለፋል።»

«አባዬ ኮራጅ የሚይዘው እንደዚያ ነበር» አለች የሟች ልጅ። «ሁለት ተማሪ አንድ ዓይነት ስህተት ከሠራ፣ አንዱ ካንዱ ገልብጧል ይል ነበር።»

«ልክ ነው። ያንቺ ቫይረስ የአባትሽን ስህተቶች በሙሉ ይዞ አንድ አዲስ ጨምሯል። ስለዚህ ከእሳቸው ወደ አንቺ እንጂ ካንቺ ወደ እሳቸው አልሄደም።»

ልጅቷ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «እኔ ነኝ የገደልኩት እያልኩ ነበር» አለች።

«ዶክተሩ ከቫይረሱ ነጻ ነው። የአባባ ስም ያለበት ብልቃጥ ግን ከአንዷ በቀር የመምህሩን ስህተቶች ሁሉ ይዟል፤ ምንጩ እዚያ ውስጥ ያለው ቫይረስ ነው። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ቫይረሱን አነበብኩ፣ የማን እንደሆነ ግን አላጣራሁም። ጥጡ ላይ የሰውየው ሕዋስም ይቀራል፤ ትናንት ያንን አስመረመርኩ። በአባባ ብልቃጥ ውስጥ ያለው የሴት ነው። በዋና ነርሷ ብልቃጥ ያለው፣ ቫይረስ የሌለበት፣ የወንድ።» ዞር አለች። «ሲስተር፣ ናሙና የወሰድሽውም ስም የለጠፍሽውም አንቺ ነሽ።»

ዋና ነርሷ ሳምንቱን ሙሉ «ምስኪን አባባ!» ስትል ከርማለች፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው። አሁን ፊቷ አመድ መሰለ።

«መምህሩ መርፌ ይፈሩ ነበር» አለች። «ምን እንደምል ለማወቅ ፊት ፊቴን ያዩኛል። ትኩሳት ነበረኝ፤ የሚተካኝ ሰው ደግሞ የለም። ማስኬን ያወረድኩት ለአንድ ደቂቃ ነው። ‹አይዞዎት› ልላቸው።»

«ስሙን መቀየሩስ?»

«ፈራሁ።»

የሟች ልጅ እጆቿን ከፊቷ ላይ አነሳች። «አይዞዎት ስላልሽው ይቅር ብዬሻለሁ» አለች። «ለሌላው ግን ይቅር የምልሽ እኔ አይደለሁም።»

ሁሉም ወደ አባባ ዞሩ። አባባ ቆባቸውን በእጃቸው እያሻሹ አቀርቅረው ነበር።

«ሳምንት ሙሉ የልጅ ልጄን አላቀፍኳትም» አሉ። «እጇን ዘርግታ ስትመጣ ‹ወዲያ ሂጂ› እላታለሁ። ሰው የገደለ እጅ ነው ብዬ።»

መርማሪዋ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት አባባ ብድግ አሉ።

«በቃ ጨረሳችሁ? ከትምህርት ቤት ሳትወጣ ልድረስባት።»

በሩን መርማሪዋ ከፈተችላቸው። ዓይናቸውን ለማየት ግን ድፍረት አጣች።