በዋሻው አናት ላይ

ሄሌድ ጌቲንን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየው ጮኻለች።

እናቷ ከዳቦ ቤታቸው ሐዲዱን ለሚጠግኑት ሰዎች ምሳ እንድታደርስ ልካት ነበር። ስጋ የተሞሉ ትኩስ ዳቦዎች የተደረደሩበትን ትሪ ተሸክማ በዋሻው አፍ ስታልፍ፣ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ጭቃ የለበሰ ነገር ከጨለማው ብቅ አለባት። ዓይኖቹ ብቻ ያበራሉ። ትሪውን ለቀቀችው።

«ኧረ ሰው ነኝ!» አለ ጭቃው። «ሰው ነኝ፣ እህቴ! ያውም የራበው ሰው!»

ጎንበስ ብሎ አንዱን ዳቦ ከሣሩ ላይ አነሳና እፍ ብሎ ገመጠው። ሄሌድ ሳቀች።

አበርጋሩ በሰሜን ዌልስ ተራሮች መካከል የተሸጎጠች መንደር ናት። ባቡሯ ድሮ ከድንጋይ ካባው የሚፈለጠውን የጣራ ድንጋይ ወደ ባሕር ታወርድ ነበር። የጭነት መኪና መጥቶ ሥራዋን ሲነጥቃት ቆመች፤ ሐዲዱንም እሾህ ዋጠው። አሁን ጡረተኞች፣ አስተማሪዎችና የእጅ ባለሙያዎች ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ እየተሰበሰቡ እሾሁን መንጥረው ሐዲዱን እንደገና ያነጥፋሉ። አናጢው ጌቲን የዋሻውን ድጋፍ ከሚጠግኑት አንዱ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄሌድ ብሩሽ ይዛ መጣችና አሮጌውን ፉርጎ ቀይ ከሚቀቡት ሴቶች ጋር ተቀላቀለች። ሥራውን የሚመሩት ጡረተኛው ኤምሪስ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ቀለም መቀባት ወደድሽ ወይስ አናጢውን?»

«ቀለሙን ነው፣ ጋሼ ኤምሪስ።»

«ታዲያ ፊትሽ ከፉርጎው በላይ ምን አቀላው?»

በጋው እንዲህ አለፈ። ምሳ ሰዓት ላይ ጌቲን ጭቃውን ታጥቦ አጠገቧ ይቀመጣል። አንዳንዴ ብዙ ያወራሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ ቃል ሳይለዋወጡ አንድ ኩባያ ሻይ እየተቀባበሉ ይጨርሳሉ። ወደ ዋሻው ሲመለስ ግን የሄሌድ ብሩሽ ይቆማል። ከውስጥ የሚያፏጨውን ታዳምጣለች። ፉጨቱ ሲቋረጥ ልቧ አብሮ ይቋረጣል።

ፍርሃቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሕጻን ሳለች አባቷ ካባው ውስጥ ድንጋይ ተንዶበት ሞቷል። እናቷ ሞርቪድ ዛሬም ድረስ በካባው በኩል በሚያልፈው መንገድ አትሄድም።

«ተራራ ሥር የሚገባ ሰው ቤቴ አታምጪብኝ» አለች ሞርቪድ፣ ወሬው ሲደርሳት። «አንድ ቀብሬያለሁ። በቃኝ።»

«እማዬ፣ ጌቲን ጠንቃቃ ነው።»

«አባትሽስ?»

ሄሌድ ትሪውን አንሥታ ወጣች።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ። ቅዳሜ ዕለት ኤምሪስ ማንም ዋሻው ውስጥ እንዳይገባ ከለከሉ። ጌቲን ግን መሣሪያዎቹ ውስጥ ቀርተው ነበርና «አንድ አፍታ አውጥቻቸው ልምጣ» ብሎ ማንም ሳያየው ገባ። ከሄሌድ በቀር።

ከዋሻው አፍ የሚወርደውን ውሃ ዓይኗን ሳትነቅል ታየው ነበር። ጠዋት ጥርት ያለ ነበር። አሁን ደፈረሰ። ከዚያ ቡና መሰለ፤ ውስጥ አፈሩ መንሸራተት ጀምሯል ማለት ነው። ሄሌድ ምንም አላሰበችም፤ የእጅ ባትሪ አንሥታ ሮጠች።

«ጌቲን! ውጣ! ውሃው ደፍርሷል!»

ከሩቅ ፋኖሱ ሲወዛወዝ ታያት፤ እየሳቀ ወደ እሷ ይመጣል። «ደግሞ አንቺ፣ ምን ልትሠሪ ገባሽ?» ሊላት ሲል ተራራው አጉረመረመ። ጌቲን ዘሎ ገፍትሮ ግድግዳው ላይ ለጠፋት፤ በሰውነቱም ሸፈናት። ከዚያ ከጀርባቸው የዓለም ድንጋይ ሁሉ የፈሰሰ መሰለ።

ድምፁ ሲያባራ የመውጫው ብርሃን የለም። አቧራው ያፍናል። ቀዝቃዛ ውሃ በቁርጭምጭሚቷ ዙሪያ ሲሄድ ተሰማት። ባትሪዋን ብታበራ ፊት ለፊቷ የቆመው የድንጋይ ክምር ብቻ ነበር።

«ጌቲን፣ ተጎዳህ?»

ትከሻውን ነቀነቀችው።

«ጌቲን!»

«እኔንጃ» አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። እጇን ጨብጦ ነበር፤ አጥንቷ እስኪንቋቋ ድረስ። መላ ሰውነቱ ይርገፈገፋል። በጨለማ ሲያፏጭ የኖረው ሰው ትንፋሹን መሰብሰብ አቅቶት እንደ ሕጻን ያለቅሳል።

ሄሌድ ከዚያ በፊት እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ግን ሁለቱም አንድ ላይ ከፈሩ የሚተርፉ አልመሰላትም።

«አውሪ» አላት። «እባክሽ ዝም አትበይ።»

«ምን ላውራ?»

«ምንም ይሁን። ስለ ዳቦ።»

ስለ ዳቦ አወራችለት። ሊጡ እንዴት እንደሚታሽ፣ እጅ ሲለምደው እንዴት እንደሚለሰልስ፣ እናቷ እርሾ ሲበዛ ማንን እንደምትሰድብ ነገረችው። ውሃው ጉልበታቸው ጋ ሲደርስ ስለ ዘቢብ ዳቦ እያወራች ነበር። በውስጧ ግን የምታየው አባቷን ነው። እሱስ የሚያወራለት ሰው አግኝቶ ይሆን?

ከክምሩ ወዲያ የብረት ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የኤምሪስ ጩኸት።

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት!» ብላ ጮኸች። «ሁለት ነን!»

ሲያወጧቸው ዝናቡ አላቆመም ነበር። ከቆፋሪዎቹ መካከል እናቷ ቆማለች፤ የዳቦ ቤት ሽርጧን እንደታጠቀች፣ ጥፍሮቿ ተሰነጣጥቀው። ሞርቪድ ልጇን አቀፈቻት። ጌቲንን ዘወር ብላ አላየችውም።

ከዚያ ቀን በኋላ ጌቲን ጠፋ። ስልክ አያነሳም። መንገድ ላይ ሲያያት ይሻገራል። መሐንዲሶች መጥተው ዋሻውን በብረትና በሲሚንቶ ሲያጠናክሩ እንኳ አንድ ቅዳሜ ብቅ አላለም። ሄሌድ ሌሊቱን እየተገላበጠች ታስባለች፦ እኔን ባየ ቁጥር ያንን ጨለማ ያያል፤ ለዚህ ነው የሚሸሸኝ። ዋሻው ውስጥ ካገኛት ፍርሃት ይህኛው ባሰባት።

አንድ ቀን አልቻለችምና ወደ አናጢ ቤቱ ሄደች። ውጭ በረዶ ይጥላል፤ የአናጢ ቤቱ በርና መስኮት ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጌቲን ካፖርት ለብሶ፣ እጆቹ በብርድ ቀልተው እንጨት ይልጋል።

«ልትሞት ነው እንዴ? ቆይ በሩን ልዝጋው።»

«አትዝጊው!»

ጩኸቱ ሁለቱንም አስደነገጣቸው። መላጊያውን አስቀመጠና አንገቱን ደፋ።

«የተዘጋ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልችልም» አለ ቀስ ብሎ። «መብራት አጥፍቼ አልተኛም። መጸዳጃ ቤት እንኳ በሩን ከፍቼ ነው የምገባው። ሳቂብኝ።»

«አልስቅም።»

«እጅሽን ይዤ አለቀስኩኮ፣ ሄሌድ። የገባሽው በእኔ ጥፋት ነው፤ ያጽናናሽኝ አንቺ ነሽ። እንዲህ ያለ ወንድ ምን ያደርግልሻል?»

በረዶው በመስኮቱ እየገባ የእንጨቱ ፍቅፋቂ ላይ ያርፋል።

«ያንን ቀን እጄን ባትይዘኝ ኖሮ አብጄ ነበር» አለችው። «የፈራኸው አንተ ብቻ መሰለህ? እሑድ ምሳ እኛ ቤት ና።»

«እናትሽስ?»

«ብታባርርህም በሩ ክፍት ነው።»

እሑድ ዕለት መጣ። ጌቲን የሚቀመጥበት ወንበር ለበሩ ቅርብ እንዲሆን ሄሌድ ጠረጴዛውን አዙራዋለች። ሞርቪድ የበግ ሾርባውን ማማሰያ እንደያዘች ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ዋሻው ተጠገነ አሉ። ትመለሳለህ?»

ጌቲን ውሸት ሊፈልግ ሞከረ፤ አላገኘም። «አልችልም፣ ወይዘሮ ሞርቪድ። እፈራለሁ።»

ሞርቪድ ማማሰያውን ዝቅ አደረገች።

«ባሌ ምንም አይፈራም ነበር» አለች። «አንድ ቀን ቢፈራ ኖሮ እስካሁን ከፊቴ ተቀምጦ በሾርባዬ ያማርር ነበር።» ሳህኑን ሳበችና እስከ አፉ ሞላችው። «ብላ። ከስተሃል።»

ባቡሯ በግንቦት፣ በጸሐያማ ቀን ተመረቀች። መንደሩ በሙሉ ጣቢያው ላይ ወጣ። ጌቲን አንድ እግሩን የቀዩ ፉርጎ መወጣጫ ላይ አሳርፎ ቀረ። ሄሌድ ውስጥ ሆና በመስኮቱ ታየዋለች፤ ግንባሩ በላብ ረጥቧል።

«ሂጂ» አላት። «ስንት ቅዳሜ የቀባሽው ነው። እኔ እዚሁ እጠብቅሻለሁ።»

ሄሌድ ወረደች። «በተራራው አናት ላይ መንገድ አለ አይደል?»

«የበግ መንገድ ነው። ዳገት ነው።»

«እንሂዳ።»

ባዶ በቀረው ወንበር ላይ ሞርቪድ ገብታ ቁጭ አለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

«እማዬ! አንቺ?»

«አንድ ቀን በተራራው ሥር ማለፌ አይቀርም» አለች እናቷ፣ ፊቷ ነጭ ሆኖ። «በሉ ሂዱ፣ ሳልወርድ።»

ተራራው አናት ሲደርሱ ባቡሯ ከታች ስትጮህ ሰሙ። ዋሻው ውስጥ ገባች። ከእግራቸው ሥር መሬቱ በስሱ ተንቀጠቀጠ። ጌቲን ባለበት ደረቀ፤ ሄሌድም ትንፋሿን ያዘች። እናቷ እዚያ ታች ናት። መንደሩ ሁሉ እዚያ ታች ነው። በጎች ሣር ይነጫሉ፤ ነፋስ ይነፍሳል። ሁለቱ ግን እጅ ለእጅ ተያይዘው መሬት መሬት እያዩ ቆሙ። መንቀጥቀጡ አለቀ። ምንም አልተሰማም። አሁንም ምንም።

ከዚያ ከወዲያኛው ሸለቆ ነጭ ጢስ ተነሣ፤ ፊሽካዋም ረዝሞ ተሰማ።

ጌቲን ሣሩ ላይ ተዘርፍጦ ተቀመጠ። እያለቀሰና እየሳቀ ነበር፤ ሄሌድም እንደዚያው።

«ብታገቢኝ» አለ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ዕድሜሽን ሙሉ በእግርሽ ነው የምትሄጂው።»

«እሺ።»

«እሺ ማለት... እሺ?»

«እሺ አልኩህ። አሁን ተነሥ፤ እማዬ ትጠብቃለች።»

ቁልቁለቱን ይዘው ወረዱ።