አራት ቁጥር ማን ነው?

አባባ ቁጥር የሞቱት በምሳ ሰዓት ነው፤ ሰው ሁሉ ሊበላ ወጥቶ ኮሪደሩ ጭር ባለበት። ልክ ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ የመዝገብ ቤቱን በር አንኳኳች፤ መልስ ስታጣ ገፋ አደረገችው። ሽማግሌው በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ጭንቅላታቸው የብረት ቁምሳጥኑ ማዕዘን ሥር ነው፤ ከአጠገባቸው ረጅሙ የእንጨት መሰላል መደርደሪያው ላይ ተደግፏል። አስተማሪዋ አልጮኸችም። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ሄዳ ተቀመጠችና፣ የላስቲክ ፋይሏን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሲያልፍ ላገኘችው ዘበኛ «አባባ ወድቀዋል» አለችው።

ልጆቼ፣ እኚህ ሰው ማን እንደነበሩ ልንገራችሁ። የዩኒቨርሲቲው የመዝገብ ሹም ነበሩ። ሰው ለሁለተኛ ዲግሪ ነፃ የትምህርት ዕድል ሲወዳደር ማመልከቻው በእሳቸው እጅ ያልፋል። ስሙን ሸፍነው ቁጥር ይሰጡታል። ሦስት ገምጋሚ መምህራን ቁጥሩን ብቻ እያዩ ከመቶ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ሦስቱን ደምረው አሸናፊውን የሚያሳውቁት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ስሙን ለምን እንደሚሸፍኑ ሲጠየቁ «ቁጥር ዘመድ የለውም» ይሉ ነበር። ቅጽል ስማቸውም ከዚያው ወጣላቸው።

ዘንድሮ ዕድሉ ለአንድ ሰው ነው፤ አመልካቾቹ አሥራ ሁለት። ውጤቱ በዚያው ዕለት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ዋናው መሥሪያ ቤት ካልደረሰ ቦታው ለሌላ ዩኒቨርሲቲ ይተላለፋል። አስተማሪዋ ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ናት፤ ስታመለክት ይህ አራተኛ ዓመቷ ነው። ዕድሜው ከሠላሳ አምስት ያለፈ አይወዳደርም፤ እሷ ደግሞ በሚመጣው ወር ሠላሳ ስድስት ይሞላታል። ጠዋት መጥታ ስለ ውጤቱ ብትጠይቅ አባባ «ስምንት ሰዓት ላይ ተመለሺ» ብለዋት ነበር። ተመለሰች። አሁን ደግሞ እንዳትሄድ ስለተነገራት እዚያው አግዳሚው ላይ ቀረች።

መርማሪዋ ብዙም ሳትቆይ ደረሰች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ ኮቴዋ አይሰማም፣ በጠባብ ታልፋለች። የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ የሆነው ዲን በሩ ላይ ተቀብሎ ነገሩ ግልጽ መሆኑን አስረዳት። ሽማግሌው ከመሰላል ወድቀዋል፤ ሬሳው ይነሣና ሥራው ይቀጥል፤ አሥራ አንድ ሰዓት እንደሆነ ሩቅ አይደለም።

መርፌ አልፋው ገባች። መሰላሉ ሥር ቁጢጥ ብላ እርከኖቹን ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ዘበኛውን ጠራችው።

«አባባ መሰላል ይወጡ ነበር?»

«በየት ጉልበታቸው? ከአራት ዓመት ወዲህ ደረጃውን እንኳ እያረፉ ነው የሚወጡት። ከላይ ያለውን ፋይል በዚያ ሜንጦ ባለው ዘንግ ነው የሚስቡት። መሰላሉ የሚቆመው በሩ ኋላ ነበር፤ ማን እዚህ እንዳመጣው እንጃ።»

ዘንጉ ግድግዳው ላይ በቦታው ተሰቅሏል።

«እርከኖቹ ላይ ምን ይታይሃል?»

«አቧራ።»

«የጫማ ምልክትስ?»

ዘበኛው አጎንብሶ አየ። ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጧል።

«ከመሰላል የሚወድቅ ሰው መጀመሪያ መውጣት አለበት» አለች መርፌ።

ቁምሳጥኑ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ግን ከቀን መቁጠሪያው ሥር ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ያንን ቦታ የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የተቀጠረ ነው አላት ዘበኛው። ከቁምሳጥኑ በር ላይ በአባባ የተመጠነ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ የሚል ተለጥፏል፦ «ስርዝ ድልዝ ያለበት የነጥብ ወረቀት እንዳልቀረበ ይቆጠራል።» ደንቡን ያረቀቁት ራሳቸው ናቸው፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ ማኅተም አድርጎ አጽድቆታል። ውስጥ፣ ሦስቱ ገምጋሚዎች በዚያ ጠዋት ያስረከቡት ሦስት የነጥብ ወረቀት አለ። መርፌ አንዱን ብድግ አድርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ሦስተኛውን።

በሦስቱም ላይ አንድ ቦታ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። በምላጭ ተፍቋል፣ በጥፍር ተሽቷል፣ በላዩ ተጽፏል። ሁለቱ በጥንቃቄ ነው፤ ሦስተኛው በጥድፊያ። በሦስቱም የተነካው አራት ቁጥር ነው፤ ዘጠና አንድ፣ ዘጠና ሦስት፣ ዘጠና ሁለት ሆኗል። ንጹሕ ወረቀት ቢኖር የፋቂው ነው ብላ አስባ ነበር፤ ንጹሕ የለም።

ሦስቱን ገምጋሚዎች ለየብቻ ባዶ የመማሪያ ክፍል ውስጥ አስገብታ ጠየቀች። በምሳ ሰዓት ዲኑ ቢሮውን ዘግቶ ነበር፤ ተማሪዎች «ሣቂታው» የሚሉት ወጣት መምህር ቤተ መጻሕፍት፤ የኬሚስትሪዋ ዶክተር ላቦራቶሪዋ ውስጥ። ሦስቱም ብቻቸውን፣ ሦስቱም ያለ ምስክር።

ዲኑ ከአመልካቾቹ ውስጥ ዘመድ እንዳለው ስትጠይቀው ዙሪያ ጥምጥም ሄደ። በመጨረሻ የእህቱ ልጅ እንደሚወዳደር አመነ። ስሙ ተሸፍኗል እኮ አለ። ሥራውን አርሞለት እንደሆነ ብትጠይቀው፣ አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ነው አለ። ያረሙትን ሥራ ደግሞ ስም ሸፈኑት አልሸፈኑት ማን ይዘነጋዋል?

«አራት ቁጥርን ያስታውሱታል?»

«የመሬት መሸርሸር የጻፈው። ቅን ሰው ይመስላል፤ ጽሑፉ ግን ይንከላወሳል። ስልሳ አንድ ሰጠሁት።»

ሣቂታው ገና ሳትጠይቀው እጮኛው ከአመልካቾቹ አንዷ መሆኗን ነገራት። ሰባ አምስት ሰጥቷታል፤ ብታውቅ ሠርጉ ቀረ አለና ሣቀ።

«አራት ቁጥርስ?»

«የድልድዩ ነዋ። እሱ የነደፈው ድልድይ እንኳን መኪና ዶሮ አያሻግርም። ኀምሳ ስምንት። ግን ቁጥር ከፈለጉ ዶክተሯን ይጠይቁ፤ የሃያ ዓመት ተማሪዎቿን ውጤት በቃሏ ታወርደዋለች።»

ዶክተሯ ስትገባ ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። የላቦራቶሪ ረዳቷ እንደሚወዳደር ሁሉም ያውቃል፤ አልደበቀችም። ስድስት ዓመት አብሯት ሠርቷል፤ ጥሩ ልጅ ነው።

«አራት ቁጥር ምን ዓይነት ነበር?»

«አላስታውስም።»

«አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው።»

«ደክሞኛል። ቁጥሩ ሁሉ ተመሳሰለብኝ።»

መርፌ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ለዲኑ አራት ቁጥር መሬት ነው፤ ለሣቂታው ድልድይ ነው፤ የማትረሳዋ ሴት ደግሞ ረሳች። አግዳሚው ላይ ያለችው አስተማሪ ቀና ብላ አየቻት። ስለ ውጤቱ ትጠይቀኛለች ብላ ስትጠብቅ፣ አስተማሪዋ «ሚስታቸው ሰምተዋል?» አለቻት።

የአባባ ቤት ከግቢው አጥር ጀርባ ነው። ባለቤታቸው ጎረቤት ከቧቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አያለቅሱም፤ ነጠላቸውን ጉያቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ይዘዋል። መርፌ አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ለምሳ መጥቶ ነበር» አሉ። «እንደየዓመቱ የስሞቹን ወረቀት ሰጠኝ። “ተቀበይ ካዝናዬ” ይለኛል። እኔ ማንበብ አልችልም ልጄ። ከማታነብ ሚስት የተሻለ ካዝና የለም ይል ነበር።»

«ዛሬስ ምን አሉ?»

«ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ። አራት ዓመት ያስጠበቅናት አንዲት ልጅ አለች፤ ስምንት ሰዓት ትመጣለች፤ ነጥቦቹን ቶሎ አምጥቼ እዚሁ ልደምርላት አለ።»

ከጉያቸው የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። መርፌ ቆማ አነበበችው። አሥራ ሁለት ስም፣ በእያንዳንዱ ስም ፊት ደግሞ አንድ ሳይሆን ሦስት ቁጥር። ክው አለች። ባልየውን ለማየት አብረዋት ሲሄዱ፣ አሮጊቷ የወረቀቱን ነገር ከሥሩ አጫወቷት።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም መዝገብ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነሥቷል። አሮጊቷ በባላቸው ወንበር ተቀመጡ፤ ዘበኛው በሩ ላይ ቆመ። መርፌ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«አባባ አልወደቁም፤ ተገፍተው ነው» አለች። «የገፋቸው ሰው ነጥብ ሲፍቅ ደርሰውበት ነው። በሦስቱም ወረቀት አራት ቁጥር ተፍቋል። ታዲያ አራት ቁጥር ማን ነው?»

«አንድ የማይረባ አመልካች» አለ ዲኑ።

«ሦስት አመልካቾች ናቸው።»

መርፌ ወረቀቱን ወደ እነሱ አዞረችው።

«ከብዙ ዓመት በፊት ሦስት ገምጋሚዎች ኮሪደር ላይ ቆመው “ስድስት ቁጥርን እናሳልፈው” ሲባባሉ አባባ ሰሟቸው። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ገምጋሚ የተለያየ ቁጥር ነው የሚሰጡት። ለአንዱ አራት የሆነው ለሌላው ዐሥር ነው። ለማንም አልተናገሩም፤ ቁልፉ ይህ ወረቀት ብቻ ነው።» ወደ ዲኑ ዞረች። «በእርስዎ ዝርዝር አራት ቁጥር ከሩቅ ያመለከተ፣ ከሦስታችሁ ማንም የማያውቀው ሰው ነው። በወጣቱ መምህር ዝርዝር ደግሞ የድልድዩ ልጅ፤ እሱም የእህትዎ ልጅ ነው።»

ዲኑ ሣቂታውን ገላመጠው። ሣቂታው በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መሣቁን ተወ።

«ሦስቱንም አራት የፋቀው ሰው፣ አራት ቁጥር በሁሉም ዘንድ የእሱ ሰው ነው ብሎ ያመነ ነው። የእህትዎ ልጅ በእርስዎ ዝርዝር ዘጠኝ ነው፤ እርስዎ ቢሆኑ ዘጠኝን ይፍቁ ነበር። እጮኛይቱ በወጣቱ ዝርዝር ሁለት ናት፤ ሁለትን የነካ የለም። በዶክተሯ ዝርዝር አራት ቁጥር ግን…»

«ስድስት ዓመት ብርጭቆዬን ያጠበ ልጅ ነው» አለች ዶክተሯ።

ከዚያ ሳትጠየቅ ተናገረች። ልጁ የድጋፍ ደብዳቤ ሲለምናት ሦስት ዓመት «በሚመጣው ዓመት» እያለች አዘግይታዋለች፤ ያለ እሱ ላቦራቶሪው አይሠራላትማ። ዘንድሮ ልትክሰው ፈለገች። ለማየት ብቻ ነበር የገባችው። አራት ቁጥር ላይ ስልሳ አንድና ኀምሳ ስምንት ስታይ ደሟ ፈላ፤ በእሷ ኃጢአት ልጁን የቀጡት መሰላት። አባባ እርሳስ የሚቀርጹበት ምላጭ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እንዳትታወቅ የራሷንም ወረቀት ፍቃ ሁለት ነጥብ ቀነሰች። የመጨረሻው ላይ ሳለች በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው አልጮኹም፤ «ምነው ልጄ» ብለው ወረቀቱን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ።

«ገፋ ነው ያደረግኋቸው። አንዴ ብቻ።»

«እሱ እኮ ሲነኩት ይወድቅ ነበር» አሉ አሮጊቷ።

ዶክተሯ አንገቷን ደፍታ፣ መሰላሉን ከበሩ ኋላ ያመጣችውም እሷ መሆኗን አመነች። ቆይታ ልጁ ከሁለቱ ስንት እንዳገኘ ጠየቀች። መርፌ ወረቀቱን አስተያይታ፣ ከዲኑ ሰማንያ ስድስት፣ ከሣቂታው ሰማንያ ስምንት አለቻት። ማንም አልበደለውም።

ዲኑ በበኩሉ እርሳስ አንሥቶ መደመር ጀምሮ ነበር። ሁለት ጊዜ ደመረ። አንደኛ የወጣችው አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው አስተማሪ ናት፤ ዘጠና፣ ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ዘጠኝ። ነጥቦቿን ማንም አልነካቸውም። የተፋቀው ነጥብ እንዳለ ቢደመር እንኳ፣ ለሦስት ሰው ስለተበተነ አንዱም አይደርስባትም። ያ ሁሉ ምላጭ የአንደኛዋን ቦታ አላንቀሳቀሰም።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ። ስልኩን ያነሣው ሰው ጨዋ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ሰማው።

«ወረቀቱ ስርዝ ድልዝ አለበት?» አለ።

«አለበት፤ የእሷ ነጥብ ላይ ግን አይደለም።»

«ደንቡ ወረቀቱ ነው የሚለው፤ ነጥቡ አይልም። የእናንተው ሰው ነው የጻፈው።»

ዲኑ ለመነ፤ አንድ ቀን ብቻ አለ። ሰውየው ከልቡ አዘነና ስልኩን ዘጋ። ዶክተሯ በአዲስ ወረቀት ልገልብጥና ልፈርም አለች። እጇ ላይ ያለውን ካቴና ሁሉም አዩት።

መርፌ መስኮቱን ትመለከት ነበር። ያንን ወረቀት ወደ ብርሃን ባታነሣው ኖሮ ነጥቡ ተደምሮ በሰዓቱ ይሄድ ነበር፤ አስተማሪዋም ታልፍ ነበር። አባባም ከመሰላል እንደወደቁ ይቀበሩ ነበር። አንዱን ካልተውክ ሌላው አይገኝም። እሷ ደግሞ ሳታውቅ መርጣለች።

ስትወጣ አስተማሪዋ ተነሣች።

«ስንተኛ ወጣሁ?»

መርፌ መዋሸት ታውቅበታለች፤ እንጀራዋ ነው። አሁን ግን አልሆነላትም።

«አንደኛ» አለች።

አስተማሪዋ ፊቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። የቀረውን ከዚያው አነበበችው መሰል፣ ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። ፋይሏን እንደገና አቀፈችው።

አሮጊቷ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ወጡና አጠገቧ ተቀመጡ።

«ስምሽ የቱ ነው ልጄ? አሳዪኝ። ደረቴ ላይ ይዤሽ ነበር የዋልኩት።»

አስተማሪዋ ጣቷን ከታች ሦስተኛው መስመር ላይ አሳረፈች። አሮጊቷም የራሳቸውን ጣት ከጎኗ አድርገው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«ረጅም ነው ስምሽ» አሉ።

ወረቀቱ ማስረጃ ነው፤ መርፌ መውሰድ ነበረባት። እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። የኮሪደሩ ሰዓት ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ይላል። ሁለቱ ሴቶች ጣታቸውን ከስሙ ላይ አላነሡም፤ እሷም ቆማ ጠበቀቻቸው።