የረሽሙ ዓሣ

ዓሣዋ ሞታ ብትገኝስ ለረሽሙ ማን ይነግራታል?

ሻንክሪ ይህን ከራሷ ጋር ስትሟገት ነጋ። ምራቷ ረሽሙ ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብላ የበቆሎ ቂጣ በጨርቅ ትጠቀልላለች። የልጅ ልጇ ሉደር ደጃፉ ላይ ኪልታውን፣ ያንን በጀርባ የሚታዘል የቀርከሃ ቅርጫት፣ ውሃ ሲሞላ እንዳያፈስ ውስጡን ላስቲክ ያለብሳል።

«ጫማህ ያንሸራትታል» አለችው ሻንክሪ።

«አዲስ ነው እኮ አማ።»

«አዲስ ነዋ የሚያንሸራትተው።»

ሉደር የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሥራ በሌለው ቀን ከጓደኞቹ ጋር በመቃጥን ማህሲር ያጠምዳል፤ ቅርፊቱ መዳፍ የሚያህለውን ወርቃማ ዓሣ ታግለው ያወጡና መልሰው ይለቁታል። መንደሩ ይስቅባቸዋል። ዘንድሮ ግን ክረምቱ ከፋና ወንዙ የተገደበበት ሐይቅ በግድቡ ላይ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ስንቱ ማህሲር ከውሃው ጋር ወደ ታች ተወረወረ። ዝናቡ ሲያበቃ የግድቡ በሮች ተዘጉ፤ ከበታቹ ያለው ወንዝ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሆነ፤ ኩሬዎቹም ቀን በቀን እየጠበቡ ሄዱ። እነ ሉደር ዓሦቹን አዝለው ወደ ሐይቁ ሊመልሱ ተነሱ። የከፈላቸውም ያዘዛቸውም የለም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጓደኛው ባግቱ ከአንዱ ኩሬ ውስጥ አፍንጫዋ ላይ ቀለበት የሚያብለጨልጭ ዓሣ አየ።

በዚያ አገር ስለቱ የደረሰለት ሰው ከሐይቁ በላይ ቤተ መቅደሱ ሥር ካለው ኩሬ ዓሣ ይይዝና አፍንጫዋ ላይ የወርቅ ቀለበት አስሮ ይለቃታል። ረሽሙ ግን ስለቷ ሳይደርስ ነው ያሰረችው። ባሏ ኖኩ፣ የሻንክሪ ልጅ፣ ወንዙን ሲሻገር የግድቡ በር ተከፈተና ውሃ ወሰደው፤ ሬሳው አልተገኘም። ሉደር ያኔ የወተት ጥርሱ እንኳ አልተነቀለም። ባሏ የሞተባት ሴት የመስታወት አምባሯን ትሰብራለች፤ ወንዝ ዳርም ለሟቹ የሊጥ ድቡልቡል ታቀርባለች። ረሽሙ አምባሯን አልሰበረችም፤ ሊጡንም አላቀረበችም። የአፍንጫ ቀለበቷን አውልቃ ለዓሣዋ አሰረችላትና «ኖኩ ሲመጣ እወስደዋለሁ» አለች። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ሊጥ እያቦካች ወርዳ ታበላታለች። ዘንድሮ ጎርፉ የቤተ መቅደሱን ኩሬ ጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ሲከተው፣ ሊጡን እንደያዘች ተመልሳ ቤት ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቅጡ አትበላም።

«እኔም እሄዳለሁ» አለች ሻንክሪ ነጠላዋን እያጠበቀች።

«ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴን የምሸከመው እኔ ነኝ፤ አንተ ምን አስጨነቀህ?»

ረሽሙ ቂጣውን አቀበለቻቸው። «ስታወጧት አፏን ወደ ውሃው አድርጉ» አለች።

ባግቱን ከመንገድ ይዘው ገደል ገደሉን ወረዱ። መንገዱ ክረምቱ የናደው ነው፤ ባግቱ ፊት ፊት እየሄደ በበትሩ ድንጋዩን ይፈትናል፣ ሻንክሪ መሐል፣ ሉደር ከኋላ። ከሸንተረሩ ማዶ የነሐስ መለከት ይሰማ ነበር፤ የመንደሩ አምላክ ከጎረቤት አገር ጉብኝቱ ምስሉ በሰው ትከሻ ተይዞ የሚመለስበት ቀን ነው። መለከቱ በተነፋ ቁጥር ሦስቱም ባሉበት ቆመው፣ እጃቸውን አጋጥመው አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ድምፁ እስኪያባራ ንቅንቅ አይሉም። ሕፃን ሆነው የተማሩት ነው፤ እግር ራሱ ይቆማል።

የጥዱን ደን ሳያልፉ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶው መጀመሪያ ቅጠሉን አረገፈ፣ ቀጥሎ ትከሻ ይደበድብ ጀመር። አለት ሥር ተወሸቁ። ባግቱ ኪልታውን ራሱ ላይ ደፋ።

«አሁን ገና ዓሣ መሰልክ» አለው ሉደር።

«ዓሣ ብሆን አያትህ ይሄኔ ታቅፋኝ ነበር።»

ሻንክሪ አልሳቀችም። በረዶው ቢያባራም ደመናው ወደ ላይ አፈግፍጎ ሐይቁ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ማዶ ዝናቡ እንደ መጋረጃ ተዘርግቷል።

«ይኼ ሁሉ ውሃ የት ይገባል?»

«ሐይቁ ይጠጣዋል። ዘበኞቹን ጠይቀናል፤ ዛሬ በር አይከፈትም።»

«ለአባትህም እንደዚሁ ብለውት ነበር።»

ሉደር ከነጠላዋ ላይ በረዶውን አራገፈላት። «ያኔ ሳይረን አልነበረም አማ። አሁን ሊከፍቱ ሲሉ ይጮሃል።»

ወንዙ ወለል ሲደርሱ ሽታው ተቀበላቸው፤ የደረቁት ኩሬዎች ላይ ዓሦቹ ሆዳቸውን ሰጥተው ነጥተዋል። ትልቁ ኩሬ ገና ውሃ አለው። አፋፉ ላይ ግን ጥቁር ድብ ተንበርክኮ በመዳፉ ይጨልፋል። ባግቱ ቆርቆሮ ቀጠቀጠ። ድቡ ቀና አለ፤ ደረቱ ላይ ያለው ነጭ ምልክት እየተነፋ እየሟሸሸ ትንሽ አያቸው፤ ከዚያ በአራት እግሩ መጣ። ሉደር ሻንክሪን ወደ ኋላው ገፍትሮ በትሩን በሁለት እጁ ያዘ።

«አትሩጪ፤ ዓይኑን አትዪው።»

የምትሮጥበትስ ጉልበት ከየት ይመጣል? ድቡ ጠጠሩን እያንኮሻኮሸ ቀረበ፣ አፍንጫውን ነፋ፣ ድንገት ፊቱን አዞረ። ከኩሬው አንድ ማህሲር በጥርሱ ነጥቆ ወደ ጫካው ወጣ። የዓሣው ጭራ እየተወናጨፈ ሲርቅ ሻንክሪ ፍርሃቷን ረስታ አንገቷን አሰገገች፤ አፍንጫው ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ፈለገች። አልነበረም።

ሉደር እስከ ወገቡ ገባ። ባግቱ መረቡን ከወዲያ እየገፋ ዓሦቹን ወደ ጥጉ አጠበባቸው። ውሃው ሻይ መስሎ ነበር። ብዙ ቆይቶ ሉደር ጎንበስ አለና ሁለት ክንዱን ከሥር አስገባ፤ ሕፃን እንደሚያወጣ ቀስ ብሎ ሲነሳ ቀለበቱን ፀሐይ መታው። ከስታለች፤ ጎኗ ተፍቋል፤ ጉንጯ ግን ይከፈታል ይዘጋል።

«በሕይወት አለች» አለች ሻንክሪ።

ውሃ በሞላው ኪልታ አፏን ወደ ታች አድርገው ከተቷትና ሉደር ማሰሪያውን ግንባሩ ላይ አድርጎ አዘላት። ግድቡ ጎን ያለውን ደረጃ ወጥተው ሐይቁ ላይ መልቀቅ ብቻ ቀርቷል።

«የዓሣ አዋላጆቹ ቀደሙን» አለ አንድ ድምፅ ከወንዙ ማዶ።

ጂንዱ ነበር፤ ገበያ ላይ ዓሣ ይጠብሳል። ከኋላው ሁለት ሰዎች ከረጢት ተሸክመዋል፤ ልብስ የሚነጣበት ዱቄት ነው። ኩሬ ውስጥ ሲነሰነስ ከጨቅላው እስከ እናቲቱ አንድ ሳያስቀር ያንሳፍፋል።

«አንተ ደግሞ ገናዥ ሆነህ መጣህ?» አለው ባግቱ።

«ከነገ ወዲያ ሊሞት ነው። ሰው ቢበላው ምን ነውር አለው? እናንተ ይዛችሁ፣ ሳም አድርጋችሁ ትለቃላችሁ፤ እኔ ልጆች አሉኝ።»

«ዱቄቱን ብትነሰንስ መንደሩ በሙሉ የሚጠጣውን ነው የምትመርዘው» አለ ሉደር ከመንገዱ ሳይነቃነቅ። ከጂንዱ ሰዎች አንዱ ቆንጨራውን ከወገቡ መዘዘ።

ሻንክሪ መሐላቸው ገባች። «ጂንዱ፣ ኪልታው ውስጥ ያለችው የረሽሙ ናት።»

ጂንዱ ተጠግቶ ኪልታው ውስጥ አየና ፊቱ ተለወጠ። «የኖኩ ሚስት?» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «እሷን ይውሰዷት እናቴ። የቀረው ግን የእኛ ነው።»

ሉደር ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ያ ድምፅ ከላይ መጣ። ረጅም፣ ወፍራም፣ ገደሉን የሞላ። ሁሉም ቆሙ። ባግቱ እጁን አጋጠመ፤ ጂንዱም አንገቱን ደፋ፤ ቆንጨራ የመዘዘው ሰውዬ ብረቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ዓይኑን ጨፈነ። ሊጣሉ የነበሩ ሰዎች በደረቁ ወንዝ መሐል ጎን ለጎን ለአምላካቸው ሰገዱ። ሻንክሪም ሰገደች፤ ለልጅ ልጇ ዕድሜ ለመነች፣ ለረሽሙ እህል ውሃ ለመነች፣ ልመናዋ አለቀ፤ ድምፁ ግን አላለቀም። መለከት የሚነፋ ሰው መቼም መተንፈስ አለበት። ይህ አልተነፈሰም።

«መለከት አይደለም» አለች። አልሰሟትም። የሉደርን ክንድ ነከሰችው። «መለከት አይደለም! ውሃ ነው!»

ሮጡ። ጠጠሩ ከእግራቸው ሥር መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጂንዱ ከረጢቱን ጥሎ አለቱን ይቧጥጥ ነበር። ሻንክሪ ዳገቱ ጋ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳት፤ በአፏ ተደፋች። ቀና ስትል ቡናማው ውሃ ግንድ እያንከባለለ ጥጉን ታጥፏል።

«ሂድ!» አለችው። «ይዘሃት ሂድ!»

ሉደር አያቱንም ኪልታውንም አየ። ማሰሪያውን ከግንባሩ አወጣ፤ ኪልታውን አለቱ ደረት ላይ ወሸቀና አያቱን አዘላት። ሲወጣ ጆሮዋ ሥር ያለቅስ ነበር። ጂንዱ ከላይ ተጎንብሶ ነጠላዋን ጨመደደና ጎተታት። ውሃው እግራቸው ሥር እያገሳ አለፈ።

ውሃው ኪልታውን አልነካውም። ንዝረቱ ብቻ ገልብጦታል።

ጎርፉ ጋብ ሲልላቸው ወረዱ። ማህሲሯ ድንጋዩ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ሉደር ውሃው ዳር ይዟት ገባ፤ አፏን ወደ ወራጁ አድርጎ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያደረገ ለረጅም ጊዜ አስታመማት። ጉንጯ አልተከፈተም። ትልቁ ኩሬ የነበረበት ቦታ አሁን ወንዝ ነው፤ ኩሬው አስሯቸው የነበሩት ማህሲሮች አንድ በአንድ ጀርባቸውን እያሳዩ ወደ ታች፣ ወደ ሰፊው ውሃ ሲሄዱ ይታያሉ።

«ብትተዉአት ኖሮ…» አለ ጂንዱ።

«ዝም በል» አለው ባግቱ።

ሻንክሪ ቀለበቱን በፀጉሯ መርፌ ፈትታ ጨበጠችው። ዓሣዋን ለወንዙ ሰጧት።

ሲመለሱ ሉደር «ሐይቁ ውስጥ ለቀቅናት ብዬ እነግራታለሁ» አለ።

«ከዚያስ? ዕድሜዋን ሙሉ ሊጥ ይዛ ሐይቅ ዳር ትቁም?»

ቤት ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ረሽሙ ሊጡን አቡክታ፣ ለብሳ ትጠብቃለች። ሻንክሪ ፊት ለፊቷ ቆመች። እጇን ዘርግታ ጣቶቿን ከፈተች።

ረሽሙ ቀለበቱን አየችው።

«ውሃ ውስጥ ነው የሞተችው?»

«የለም» አለች ሻንክሪ። «ውሃ አጥታ ነው። እኔን ሊያነሳ ብሎ አስቀመጣት።»

ረሽሙ ሉደርን ከራሱ እስከ እግሩ አየችው፤ የጨቀየ ጫማውን፣ ክንዱ ላይ ያለውን የጥርስ ምልክት። መዳፏን ጉንጩ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ደፉ ላይ ተቀመጠችና የቀኝ እጇን አምባሮች ከድንጋዩ ጋር አጋጨች፤ ቀጥሎ የግራዋን። ቀዩ መስታወት ተበተነ። ሊጡን ወደ ራሷ ሳበች፤ እየቆረሰች በመዳፏ መሐል አድቦለቦለችው፣ አንድ ቅጠል ላይ ደረደረችው፣ ቀለበቱን ጎኑ አኖረች።

ሻንክሪ ከዚያ ቤት የሚወጣን ሰው ሁሉ የት ትሄዳለህ፣ መቼ ትመለሳለህ ሳትል አሳልፋ አታውቅም። ዛሬ ግን ከደጃፉ ዞር ብላ መንገድ ለቀቀችላት።

ረሽሙ ቅጠሉን በሁለት እጇ ይዛ ተነሳች፤ ስባሪውን ተራምዳ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ወጣች።