ጥፍር የሚይዝ ጭረት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። ቦንጋ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ይዘንብ ነበር። ቦንጋ ላይ ይዘንብ ነበር ማለት ምንም እንዳለማለት ነው፤ ለማንኛውም ጽፌዋለሁ።

አባቴ ወልደሥላሴ በወጣትነቱ ጅማ ውስጥ ጃዝ በሚጫወት ባንድ ትራምፔት ይነፋ ነበር። ባንዱ አንድ ሸክላ አስቀርጾ ተበተነ። የምናውቃት ቅጂ እኛ ቤት ያለችው ብቻ ነች።

አምና ኤርምያስ የሚባል ሸክላ ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ መጣ። የትንሿን ጣቱን ጥፍር አሳድጓል።

"ደረጃ ማውጫዬ ነች" አለን።

ሸክላውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘነብላል። በጥፍሩ ይዳብሳል። ጭረቱ ጥፍር ካልያዘ ሁለተኛ ደረጃ። ከያዘ... ሦስተኛ፤ ዋጋ የለውም።

አባቴ ሻይ ሊያዝለት ሲወጣ፣ "ቅጭ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያየሁት ግን የሰውዬውን ጀርባ ብቻ ነው።

"ይሄ ጭረት ድሮም ነበረበት። ረስተውት ነው አባባ" አለ።

አባቴ አልሸጠለትም። እንግዳው እንደወጣ አጫወተው። ትራምፔቱ ሊገባ ሲል መርፌው ዘሎ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሊገባ ሲል... ይመለሳል።

ከዚያ በኋላ አባቴ ሦስት ሳምንት በሕይወት አልቆየም። ስሜን ጠርቶ የጠየቀኝ የመጨረሻ ጥያቄ ይቺ ነበረች።

"ብርቅዬ... እውነት ረስቼው ይሆን እንዴ?"

ከኤርምያስ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። "እኔ ነኝ የጫርኩት" እንዲል። ሰው ፊት።

ስለዚህ ዋሸሁት። "እዚህ አቅራቢያ ደካ የሚባል ቦታ አንድ ሰው ቤት ያልተጫረ ቅጂ አግኝቼ ወደ ቤት አምጥቻለሁ፣ ና" ብዬ ጻፍኩለት። በማግስቱ ተሳፈረ፤ ሐሙስ ጠዋት እኛ ቤት ደረሰ።

ለምስክርነት ጎረቤታችንን እትዬ በዛወርቅን ጠራሁ።

"ሐሰት ከሆነ ተነስቼ ነው የምሄደው" አሉኝ። ግን ቀድመው ደህናውን ወንበር ይዘዋል።

ሸክላውን ከሽፋኑ አወጣሁት።

ይሞቃል።

በዚያ ብርድ... ይሞቃል።

ኤርምያስ ተቀበለኝና ወደ መስኮቱ አዘነበለው። ጥፍሩን አሳለፈ። ደግሞ አሳለፈ።

"ንጹሕ! አንደኛ ደረጃ! አጫውቺው እስቲ።"

ያው የአባቴ ሸክላ ነው። ጭረቱን ትናንት በዓይኔ አይቼዋለሁ።

መርፌውን አሳረፍኩ። የአባቴ ተራ ደረሰ። መርፌው አልዘለለም።

ትራምፔቱ ግን የለም።

ከበሮው አለ። ፒያኖው አለ። በአባቴ ቦታ... ዝምታ ይዞራል።

ኤርምያስ ጎንበስ አለ። በሚዞረው ሸክላ መሃል ወረቀት ላይ ያለውን የአባቴን ፊርማ አነበበው፤ ሥራው አይደል።

"ይሄ... ያኛው ነው እንዴ?" አለ በሹክሹክታ።

"ያኛው ነው" አልኩት፣ መርፌውን እያነሳሁ። "ማን ነበር የጫረው? በል ንገራቸው።"

አንገቱን አከከ። እትዬን አየ። እኔን አየ።

"እኔ ነኝ..." አለ።

እትዬ በዛወርቅ አንገታቸውን አሰገጉ።

"እኔ ነኝ... እኔ ነኝ... እኔ ነኝ..."

ያው ቃል። ያው ትንፋሽ። ዓይኑ እንኳ የሚርገበገበው እዚያው ቦታ ላይ ነው።

"ኧረ ብርቅዬ! መርፌውን አንሺው እንጂ!"

"አንስቼዋለሁ እትዬ።"

ሸክላው ቆሟል። ሰውዬው አልቆመም።

አገጩን ይዤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበልኩት። ከጆሮው ሥር እስከ ማንቁርቱ ቀጭን ጭረት ወርዷል። ደም የለውም። ጥቁር ነው፤ ያብረቀርቃል።

"ተይው ልጄ... አትንኪው" አሉ እትዬ ቀስ ብለው።

ጥፍሬን አሳለፍኩበት።

ያዘ።

ኤርምያስ አፉን ከፈተ... ከጉሮሮው የአባቴ ትራምፔት ወጣ። ሳይዘል። እስከ መጨረሻው።

እትዬ በዛወርቅ አማተቡ።

እኔ ጥፍሬን አነሳሁና... ጭረቱ መጀመሪያ ላይ መልሼ አሳረፍኩት።